ከከሳሾች የተማሩ ዳኛ፦ የጁሊየስ ዌይቲስ ዌሪንግ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1946 በሳውዝ ካሮላይና ዋና ከተማ በኮሎምቢያ አንድ የፌደራል ዳኛ ጁሪውን፣ ማለትም ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑትን ተራ ዜጎች፣ ወደ መማከሪያ ክፍል ካሰናበቱ በኋላ ከችሎቱ ወጥተው በእግር መሄድ ጀመሩ። ነፋስ መቀበል አምሯቸው አልነበረም። የጁሪው አባላት ሁሉም ነጮች ናቸው፤ ተከሳሹን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነጻ ብለው ሊመለሱ እንደሚችሉ ዳኛው ገብቷቸዋል። ዳኛ በሌለበት ግን ውሳኔ አይነበብም። እነዚያ ሰዎች ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው እንዲቆዩ ለማስገደድ የቀራቸው መላ ይኸው ነበር። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የተፈራው ደረሰ፤ ተከሳሹ በነጻ ተሰናበተ። በችሎቱ የነበሩት የዳኛው ባለቤት አለቀሱ።

ተከሳሹ ሊንውድ ሸል ይባላል፤ የቤትስበርግ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ነው። ከሳሽ ሆኖ የቀረበው የፌደራል መንግሥት ሲሆን፣ የግፉ ተቀባይ ደግሞ ሳጅን አይዛክ ውዳርድ ነበሩ። ውዳርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ግንባር አገልግለው የተመለሱ የ26 ዓመት ጥቁር ወታደር ናቸው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1946 በክብር ከተሰናበቱ ከሰዓታት በኋላ፣ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ባለቤታቸው ወደምትጠብቃቸው ወደ ዊንስቦሮ በአውቶቡስ ይጓዙ ነበር። በመንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሾፌሩን ጠየቁ፤ ሾፌሩ ሰደባቸው፤ እርሳቸውም መለሱ። አውቶቡሱ ቤትስበርግ ሲደርስ ሾፌሩ ፖሊስ ጠራ። ሸል በቆመጥ ደብድቦ ሁለቱንም ዐይኖቻቸውን አጠፋ። ሳጅኑ በማግሥቱ ሲነቁ ዓለም ጨልማባቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላም በርታላቸው አታውቅም።

በዚያች የኮሎምቢያ ችሎት መንበር ላይ የተቀመጡት ጁሊየስ ዌይቲስ ዌሪንግ የዚያን ጊዜ 66 ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው አቋሙን ያጸናል እንጂ አይለውጥም ይባላል። የእርሳቸው ታሪክ ለእኔ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው።

ዌሪንግ ጁላይ 27 ቀን 1880 በቻርልስተን ተወለዱ። ቤተሰባቸው በዚያች የወደብ ከተማ ስምንት ትውልድ ያስቆጠረ፣ በባሪያ ጉልበት የኖረ ነው። አባታቸው በእርስ በርስ ጦርነቱ ከደቡቡ ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። ልጅየው በቻርልስተን ኮሌጅ ተምረው፣ ሕግ አንብበው ጠበቃ ሆኑ፤ በረዳት ዐቃቤ ሕግነት ሠሩ፤ ኋላም የከተማዋ አስተዳደር የሕግ አማካሪ ሆኑ። በ1913 ከደህና ቤተሰብ የተወለዱ ሴት አግብተው ሚቲንግ ጎዳና ላይ በከተማዋ የትልልቅ ሰዎች ሰፈር ኖሩ። በ1938 ደግሞ «ኮተን ኤድ» እየተባሉ የሚጠሩት፣ ለነጭ የበላይነት በመሟገት ስማቸው የገነነው ሴናተር ኤሊሰን ስሚዝ እንደገና እንዲመረጡ በዘመቻቸው ውስጥ ሠርተዋል። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለፌደራል ዳኝነት ሲያጯቸውና በጃንዋሪ 1942 ሹመታቸው ሲጸድቅ ቻርልስተን ከራሷ ልጆች አንዱን እንደሾመች ቆጥራ ተደሰተች። ማንም ነገር ይመጣል ብሎ አልጠረጠረም።

ዌሪንግ በሽምግልናቸው ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ አንድ ነገር ሳይሸሽጉ አምነዋል። የሚያውቋቸውን ጥቁሮች ይወዷቸው፣ መልካምም ያደርጉላቸው ነበር፤ መብት ግን አልሰጧቸውም፤ እነርሱም ጠይቀው አያውቁም። የዚህን ሰው ሕይወት ሳነብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ቃል ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ፣ አብሮ የኖረ ሰው ሳይጠየቅ ኖረ። ዳኛ ሲሆኑ ግን ጠያቂዎቹ አቤቱታቸውን ጽፈው፣ ጠበቃ ይዘው፣ ፊታቸው ቆሙ። ዳኛ ደግሞ አልሰማሁም ማለት አይችልም።

የመጀመሪያዋ መምህርት ነበረች። ቫዮላ ዱቫል የተባለች የቻርልስተን መምህርት ከነጭ መምህራን እኩል ደመወዝ ይከፈለኝ ብላ ያቀረበችው ክስ በፌብሩዋሪ 1944 ታየ። ጠበቃዋ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሚሆኑት፣ ያን ጊዜ ኤንኤኤሲፒ ለሚባለው የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር የሚሠሩት ተርጉድ ማርሻል ናቸው። ማርሻል ወደ ደቡብ ችሎት ሲገቡ መሸነፍን፣ መሰደብን ለምደዋል። ዌሪንግ ግን ሕጉ ግልጽ ነው ብለው ነገሩን ባጭሩ ቋጩት። ማርሻል ያንን ክርክር ግማሹን ጊዜ አፋቸውን ከፍተው እንደተከታተሉት በኋላ ተናግረዋል፤ በዚያ አካባቢ ከዳኛ እንዲህ ያለ ቅንነት ገጥሟቸው አያውቅም ነበር።

በችሎታቸውም ውስጥ ትንንሽ የሚመስሉ ለውጦች ጀመሩ። በዘር ተለያይቶ መቀመጥ ቀረ። በጁሪ እጩዎች መዝገብ ላይ ከጥቁሮች ስም አጠገብ ይደረግ የነበረው ምልክት ተሰረዘ። ጆን ፍሌሚንግ የሚባሉ ጥቁር የችሎት አስከባሪ ሾሙ። ጠበቆችም ጥቁር ምስክርን እንደ ነጩ ሁሉ «አቶ»፣ «ወይዘሮ» ብለው እንዲጠሩ አዘዙ። ይህን የመጨረሻውን የውጭ አገር ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። «አንተ» እና «እርስዎ» የተለያዩበትን ቋንቋ የሚናገር ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ በሃያ ዓመት ጠበቃ «አንተ» እየተባለ ሲጠየቅ ኖሮ አንድ ቀን «እርስዎ» ሲባል የችሎቱ አየር ይለወጣል።

ከዚያ የውዳርድ ጉዳይ መጣ። ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን በቸልታ እንደያዘው ዌሪንግ አዝነው ተናግረዋል። ዐይነ ስውር ሆነው ለምስክርነት የቀረቡትን ሳጅን ያዩት ዳኛና ባለቤታቸው ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው መኖር አልቻሉም። ማታ ማታ ስለ ደቡቡና ስለ ዘር ጥያቄ የተጻፉ መጻሕፍትን አብረው ያነቡ ጀመር። ራሳቸው በሚያስተዳድሩት ሕግ ሥር ስንት ዓመት ምን ሲሠራ እንደነበረ በስተርጅና የሚያጠና ዳኛ ነው እንግዲህ። ግፉ ዋይት ሐውስም ደርሷል፤ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ታሪኩን ከኤንኤኤሲፒ መሪ ከዋልተር ዋይት አፍ ሰምተው ደነገጡ። ሸል በነጻ ከተሰናበተ ከአንድ ወር በኋላ የሲቪል መብቶች ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በጁላይ 1948 ደግሞ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር መድልዎ እንዲቀር አዘዙ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ሐሜት አለና ልመልስበት። ዌሪንግ በ1945 ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋቸው ከኖሩት ሚስታቸው ተፋቱ። ሳውዝ ካሮላይና ያን ጊዜ ፍቺን ስለማይፈቅድ ባለቤታቸው ወደ ፍሎሪዳ ሄደው ነበር የተፋቱት። ወዲያው ሁለት ጊዜ ፈትተው የነበሩትን የሰሜን ሴት፣ ወይዘሮ ኤልዛቤትን አገቡ። ቻርልስተን በሩን ዘጋባቸው። ጠላቶቻቸው ታዲያ «ማኅበረሰቡ ስላገለለው ነው በበቀል ለጥቁሮች የሚፈርደው» አሉ፤ ይህ ወሬ እስከ ዛሬ ይደጋገማል። የመምህርቷ ጉዳይ ግን የታየው ከፍቺው በፊት፣ በ1944 ነው። ያን ጊዜ ዌሪንግ ገና የትልልቅ ሰዎች ክለብ አባል፣ በየግብዣው የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ኤልዛቤት ባለቤታቸውን እንዳበረቷቸው አይካድም። መንገዱን ግን ዳኛው የጀመሩት ብቻቸውን ነው። ደግሞም ሰው በገዛ ወገኑ ሲገለል የሌላውን መገለል ቢያስተውል፣ ያስተዋለው እውነት ሐሰት አይሆንም።

በ1947 የድምፅ ጉዳይ ቀረበ። በዚያን ዘመን በደቡብ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን የሚለይበትን ምርጫ፣ ያሸነፈ አጠቃላዩን ምርጫ አሸነፈ ማለት ነው፤ ቅድመ ምርጫው ደግሞ ለነጮች ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 በቴክሳስ ጉዳይ ይህን ሕገ ወጥ ሲለው፣ የሳውዝ ካሮላይና ገዥ ምክር ቤቱን በአስቸኳይ ጠርተው ቅድመ ምርጫን የሚመለከቱ ወደ 150 የሚጠጉ ሕጎችን አሰረዙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሕግ ከሌለ ፓርቲው የግል ክለብ ነው፤ የግል ክለብ ደግሞ የፈለገውን ያስገባል፣ ያልፈለገውን ይመልሳል። ጆርጅ ኤልሞር የተባሉ የኮሎምቢያ ነጋዴ ድምፅ ሊሰጡ ሄደው ተመለሱና ከሰሱ። ዌሪንግ በጁላይ 1947 የክለቡን ክርክር ውድቅ አደረጉት። ፍርዳቸውንም ሲጽፉ «ሳውዝ ካሮላይና ወደ ኅብረቱ የምትመለስበት ጊዜ ነው» አሉ። ከኅብረቱ፣ ማለትም ከተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች፣ ቀድማ የተገነጠለችው ግዛት ይህችው መሆኗን፣ የጦርነቱም የመጀመሪያ መድፍ የተተኮሰው በቻርልስተን ወደብ መሆኑን ለሚያውቅ፣ በጦረኛ ልጅ የተጻፈች ይህች ዓረፍተ ነገር አጥንት ትሰብራለች።

ፓርቲው አልተኛም። በቀጣዩ ዓመት መራጭ ሁሉ የዘር መለያየትን እደግፋለሁ ብሎ ይማል አለ። ዌሪንግ ይህንንም አገዱ፤ ትእዛዛቸውን የጣሰ የፓርቲ ሹም እስር ቤት እንደሚገባ በችሎት አስጠነቀቁ። በኦገስት 1948 ከ30,000 በላይ ጥቁሮች በሳውዝ ካሮላይና ቅድመ ምርጫ ድምፅ ሰጡ።

ከዚያ በኋላ የዳኛው ቤት ሰላም አጣ። ሰላምታ የሚሰጣቸው ነጭ ጠፋ። ከሥልጣን እንዲነሡ ፊርማ ተሰበሰበ፤ በግዛቱ ምክር ቤት ባልና ሚስቱ አገር ለቀው የሚሄዱበት ትኬት በመንግሥት ወጪ ይገዛላቸው የሚል ሐሳብ ሳይቀር ቀረበ። በጃንዋሪ 1950 ወይዘሮ ኤልዛቤት ለጥቁር ሴቶች ማኅበር ባደረጉት ንግግር የደቡብ ነጮችን የታመሙና ግራ የተጋቡ ሲሏቸው እሳቱ ተንቀለቀለ። በማርች ለማስፈራሪያ ከቤታቸው ደጃፍ መስቀል ተቃጠለ። በኦክቶበር ደግሞ የተኩስ ድምፅ ተሰማ፤ የኮንክሪት ስባሪ በመስኮት ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው በፌደራል ጠባቂዎች ይጠበቅ ጀመር። የሚጎበኟቸው ጥቁሮች ብቻ ሆኑ፤ በማዕዳቸው ዙሪያ የተቀመጡት ጠያቂዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እመጣለሁ። ክላረንደን ከቻርልስተን በስተሰሜን ያለች የጥጥ አውራጃ ናት። በ1949–50 የትምህርት ዘመን አውራጃዋ ለአንድ ነጭ ተማሪ 179 ዶላር፣ ለአንድ ጥቁር ተማሪ 43 ዶላር ታወጣ ነበር። ለነጮች 30 የትምህርት ቤት አውቶቡሶች አሉ፤ ለጥቁሮች አንድም የለም። እስከ 9 ማይል በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። ቄስ ጆሴፍ ዲሌይን ወላጆችን አስተባበሩ። ሊቫይ ፒርሰን የሚባሉ ገበሬ መጀመሪያ አንዲት አውቶቡስ ብቻ ጠየቁ፤ ክሳቸው መሬታቸው በትምህርት ቤት ወረዳዎች ወሰን ላይ ነው በሚል ሰበብ ወደቀ፤ ባንክ ብድር፣ ነጋዴው ማዳበሪያ ከለከላቸው። ከዚያ 20 ወላጆች በጋራ ከሰሱ። በፊደል ተራ የመጀመሪያው ሃሪ ብሪግስ ስለነበሩ ጉዳዩ በስማቸው ተጠራ። ብሪግስ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ነበሩ፤ በ1949 የገና ዋዜማ አንድ ካርቶን ሲጋራ በስጦታ ተሰጥቷቸው ከሥራ ተባረሩ። ባለቤታቸውም የጽዳት ሥራቸውን አጡ።

ማርሻል ያቀረቡት ክስ ልከኛ ነበር፦ ትምህርት ቤቶቹ ይለያዩ፣ ግን እኩል ይሁኑ። በኖቬምበር 1950 በቅድመ ችሎት ዌሪንግ ይህ አይበቃም አሏቸው። መለያየቱ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ክስ ይዘህ ና የሚል ይዘት ያለው ምክር ነበር። ማርሻል ልባቸው ፈራ፤ ቢሸነፉ ለትውልድ የሚተርፍ ሽንፈት ይሆናልና። የዳኛው ስሌት ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ላይ የቆመ ነው። ልከኛው ክስ በእርሳቸው አንድ ዳኛ ይታያል፤ ይፈርዳሉ፤ አንዲት አውራጃ ጥቂት ክፍሎች ትሠራለች፤ አበቃ። የግዛቱን ሕግ ሕገ መንግሥታዊነት የሚነካ ክስ ግን በሦስት ዳኞች ይሰማል፤ ከሦስት ዳኞች ችሎት የሚነሣ ይግባኝ ደግሞ መካከለኛውን ፍርድ ቤት ዘሎ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ዌሪንግ ሁለት ለአንድ እንደሚሸነፉ ያውቁ ነበር። የሚያሸንፉትን ትንሽ ጉዳይ ትተው የሚሸነፉበትን ትልቅ ጉዳይ መረጡ።

እዚህ ላይ ያለውን ችግር አልፌው አልሄድም። ዳኛ ለአንዱ ወገን ክስህን እንዲህ አድርገህ ጻፍ ማለቱ ከገለልተኝነት ጋር ይጣላል። ከአንዱ ወገን መሪዎች ጋር በማዕድ መቀመጣቸውም እንዲሁ። ዛሬ ማንም ዳኛ ይህን ቢያደርግ ከጉዳዩ ይነሣ የሚል አቤቱታ ይቀርብበታል፤ ተገቢም ነው። እኔ የምመዝነው ሌላውን ጎን ጨምሬ ነው። ዌሪንግ ነገሩን በእጃቸው አልቋጩትም፤ ከሚቃወሟቸው ሁለት ዳኞች ፊት፣ ከዚያም ከዘጠኝ ዳኞች ፊት አቀረቡት። የጠየቁት የመስማት ዕድል ነው።

በሜይ 28 ቀን 1951 ጠዋት ከክላረንደን በሌሊት የተነሡ መቶዎች የቻርልስተንን ፍርድ ቤት ደረጃና መተላለፊያ ሞልተው ቆሙ። የአውራጃዋ ጠበቃ ሮበርት ፊግ ገና ሲጀመር ተነሥተው ትምህርት ቤቶቹ እኩል አይደሉም፣ እናምናለን፣ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጠን አሉ። ገዥው ጄምስ ቢርንስ ለትምህርት ቤቶች 75 ሚሊዮን ዶላር ለማውጣት አቅደው ነበርና ቃሉ ባዶ አልነበረም። ነገር ግን መለያየቱን ማዳኛ ነበር። ማርሻል ምስክሮቻቸውን ቀጠሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኬኔት ክላርክ ከዚያችው አውራጃ ለ16 ጥቁር ሕፃናት ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶችን አሳይተው ነበር። አሥሩ ነጯን ወደዱ፤ አሥራ አንዱ ቡናማዋን መጥፎ አሏት። ልጅ ያለው ሁሉ ይህን ቁጥር ሲያነብ ቆም ማለቱ አይቀርም።

በጁን ፍርዱ ወጣ። ዳኛ ጆን ፓርከርና ዳኛ ጆርጅ ቤል ቲመርማን «ተለያይቶ እኩል» የሚለውን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የ1896 ፍርድ ተከትለው መለያየቱን አጸኑ፤ አውራጃዋ ትምህርት ቤቶቹን ታስተካክል ብቻ አሉ። ዌሪንግ የልዩነት ሐሳባቸውን ጻፉ። የጀመሩት በከሳሾቹ ነው፤ ዘመናት ያስቆጠረ ልማድን በራሳቸው ወጪ ለመሞገት አቻ የሌለው ድፍረት አሳይተዋል አሏቸው። ከዚያ ወደ ሕጉ ገብተው መለያየቱ መወገድ እንዳለበት፣ አሁኑኑም መወገድ እንዳለበት ጻፉ፤ ቀጥለውም «መለያየት በራሱ አለመተካከል ነው» አሉ።

በፌብሩዋሪ 1952፣ ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ፣ የአሥር ዓመት አገልግሎታቸውም ሞልቶ፣ ሙሉ ደመወዛቸው ተጠብቆላቸው ጡረታ ወጡና ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። የብሪግስ ጉዳይ ከሌሎች አራት ጉዳዮች ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በሜይ 17 ቀን 1954 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ተለያይተው የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በባሕርያቸው እኩል ሊሆኑ አይችሉም ብለው ፈረዱ። ከሦስት ዓመት በፊት ለብቻ የተጻፈው ሐሳብ የአገር ሕግ ሆነ። በዚያ ምሽት ዋልተር ዋይትና ወዳጆቻቸው በዌሪንጎች ቤት ተሰበሰቡ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የፌደራል ዳኛን ለዕድሜ ልክ ይሾማል፤ ደመወዙንም ማንም እንዳይቀንስበት ይከለክላል። ዌሪንግ ግብዣ አጡ፣ ጎረቤት አጡ፣ የተወለዱባትን ከተማ አጡ፤ እንጀራቸውን ግን አላጡም። ከፊታቸው የቆሙት ሰዎች እንዲህ ያለ ዋስትና አልነበራቸውም። የኤልሞር ንግድ ከሰረ። ብሪግስ ሥራ ፍለጋ ቤተሰባቸውን ትተው ፍሎሪዳ ተሰደዱ። የቄስ ዲሌይን ቤት በ1951 ሲቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቤቱ ከከተማው ወሰን ውጭ ነው ብለው ቆመው አዩት። በ1955 በሌላ ከተማ የሚያገለግሉባት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፤ ብዙም ሳይቆይ በሌሊት ወደ ቤታቸው ተተኮሰ። ቄሱም መልሰው ተኮሱና ሸሹ፤ የመያዣ ትእዛዝ ወጣባቸው። እርሳቸውም ኒው ዮርክ ገቡ።

ዌሪንግ በጃንዋሪ 1968 በ87 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ቻርልስተን ተመልሶ ማግኖሊያ መካነ መቃብር ሲቀበር ሁለት መቶ ያህል ጥቁሮች ተከተሉት፤ የመጡት ነጮች ከአሥራ ሁለት አይሞሉም ነበር። ወይዘሮ ኤልዛቤት በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። በ2014 ዌሪንግ በፈረዱበት ፍርድ ቤት ግቢ ሐውልት ቆመላቸው። በ2015 ደግሞ የቻርልስተን የፌደራል ፍርድ ቤት ሕንፃ በስማቸው ተሰየመ፤ ቀድሞ ሕንፃው የተሰየመላቸው ሴናተር ኧርነስት ሆሊንግስ የእኔ ስም ወርዶ የእርሳቸው ይተካ ብለው በሕይወት ሳሉ በመጠየቃቸው ነው።

በቄስ ዲሌይን ላይ የወጣው የመያዣ ትእዛዝ የተሰረዘው በ2000 ነው። ቄሱ ካረፉ 26 ዓመት ሆኗቸው ነበር።